የውሃው አግዳሚ

በዚያ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ያለፈች ሴት ሁሉ፣ ዛሬ ሐኪም ትሁን ሾፌር፣ አንድ መለያ አላት፤ ሰዓቷ ይቀድማል። አሥር ደቂቃ ያህል አስቀድማ ነው የምትሞላው። "ምነው፣ ሰዓትሽ አበደ እንዴ?" ብትሏት ትስቅና "የደቂቃ ልጅ ነኝ" ትላችኋለች። ደቂቃ ማለት አሰልጣኟ ናት። እናትና አባቷ ያወጡላት ስምማ አላት፤ ግን ስሙን የሚያስታውሱት ደመወዝ ከፋዩና ባሏ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ገና ለጋ የስፖርት መምህርት ሆና ስትቀጠር የሴቶቹን ቡድን የሰጧት አምነውባት እንዳይመስላችሁ። የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ ነው። የወንዶቹ አሰልጣኝ፣ ያ ቦርጫሙ፣ "ሴቶቹን አንቺ ያዢያቸው፤ ትንሽ ይንቀሳቀሱ" አላት፤ "ዶሮዎቹን ጠብቂልኝ" እንደሚል ሰው። አዳራሹ የወንዶቹ ነበር። ሴቶቹ የሚጫወቱት ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ሲሚንቶው በተሰነጣጠቀ ሜዳ ላይ ነው። አንደኛው ቅርጫት መረብ የለውም፤ ሌላው አንገቱን ወደ ግራ ጥሏል። ማሊያም አልነበራቸውም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነውና፣ ከደንበኛ የተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ለቃቅሞ ሰፋላቸው። አረንጓዴ ነው፤ አበባ አለበት። ተጋጣሚዎቹ "መጋረጃዎቹ መጡ!" እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ይሳቁ! በዚያው ዓመት መጋረጃዎቹ የሳቁባቸውን አንድ በአንድ አሸንፈው ላኩ፤ ሳቁም በዚያው ውሃ በላው።

ከዚያ በኋላ ነው ደቂቃ የዲኑን ቢሮ ያንኳኳችው። አዳራሹ ለሴቶቹም ይገባል አለች። ዲኑ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"እህቴ፣ እኔ እኮ ጠልቼ አይደለም። ግን ሴቶች ሰዓት አያከብሩም። አዳራሹን ብሰጥሽ ባዶውን ነው የሚውለው።"

ደሟ ፈላ። ግን አልጮኸችም።

"ከፊሽካ በኋላ የገባች ልጅ ካጫወትኩ አዳራሹን ይውሰዱት" አለች። "እኔንም አብረው ያሰናብቱኝ።"

ዲኑ ሳቀና ፈቀደ። አንድ ወር አይቆዩም ብሎ ነበር፤ እሱ ጡረታ ወጥቶ፣ ከሱ ቀጥሎ የመጡትም ወጥተው፣ ሴቶቹ አሁንም አዳራሹ ውስጥ ናቸው።

ሕጉ የተወለደው እንዲህ ነው። ከግድግዳው ሥር፣ ከውሃው ጀሪካን አጠገብ፣ እግሩ የሚወላገድ አጭር አግዳሚ ወንበር አለ። ከፊሽካው በኋላ የገባች ልጅ ያን ቀን እዚያ ትቀመጣለች፤ አትጫወትም፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ለጓደኞቿ ውሃ ታቀብላለች። በቃ። "ለምን ዘገየሽ?" ተብሎ አይጠየቅም። "ሰበብ የሌለው ሰው የለም" ትላለች ደቂቃ፤ "የአንዷን ሰምቼ ካዘንኩ፣ የሌላዋን ስሰማ ልቤ ድንጋይ ሊሆን ነው። ሁሉንም አለመስማት ይሻላል።" ስድብ የለም፤ ቁጣ የለም። በማግሥቱ ነገሩ ተረስቶ ልጅቷ ትጫወታለች። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ልጅ አግዳሚው ላይ ብትቀመጥ አባትየው ጨዋታው መሀል እየፎከረ ገባ። ደቂቃ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "እርስዎም ዘግይተዋል፤ ከልጅዎ ጎን ቦታ አለ" አለችው። ሰውየው ምን ነካው? ተቀመጠ! ውሃም አቀበለ። እስከ ዛሬ የቡድኑ ደጋፊ ነው።

እንግዲህ ወደ ሽቦ እንምጣ።

ሽቦ የደቂቃ እህት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ ደቂቃና ባሏ ልጅ አልነበራቸውምና አንስተው አሳደጓት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብትታጠፍ የማትሰበር ልጅ ሆና ስላደገች ሰፈሩ ሽቦ አላት። ልብስ ሰፊው የጨርቅ ኳስ እየሰፋ ይሰጣታል፤ እሷ በወጥ ቤቱ መስኮት ታስገባለች፤ ድስት ውስጥ ያረፈው ኳስ ስንት እንደሆነ ጎረቤት ይመስክር። ኮሌጅ ስትገባ በቡድኑ ውስጥ ወደር አልነበራትም። በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ላይ "አክስቴ፣ ኳስ ወዲህ!" ብላ ስትጮኽ ደቂቃ ፊሽካ ነፋች።

"እዚህ አክስት የለም። እዚህ አሰልጣኝ ነው ያለው። አክስትሽ ቤት ናት፤ ማታ ታገኛታለሽ።"

ልጆቹ ሳቁ፤ ሽቦም ሳቀች። ነገሩ እንዲያ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት!

ቡድኑ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቁ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው በሽቦ ትከሻ ነው። የፍጻሜው ቀን ደቂቃ ሰዓቷን አይታ ፊሽካዋን ነፋች። ልጆቹ ተሰለፉ። ሽቦ የለችም። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተበረገደና እያለከለከች ገባች።

ደቂቃ ልቧ ስንጥቅ አለ። ከዚያ በጣቷ አግዳሚውን አሳየቻት። ሌላ ልጅ ብትሆን እንደምታደርገው አደረገች፤ የራሷ ልጅ ስለሆነችማ አብልጣ አደረገች፤ ሰው "ለዘመዷ አደላች" እንዳይል። ሽቦ እንባዋ እየወረደ ተቀመጠች። ጨዋታው አንገት ለአንገት ተያይዞ ሄደ፤ በመጨረሻው የእረፍት ጥሪ ልጆቹ ተሰብስበው ሳለ ደቂቃ ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደኋላ ዘረጋችና "ውሃ!" አለች። ሽቦ ውሃውን እጇ ላይ አኖረችላት። ጨዋታውን በአንዲት ቅርጫት ተሸነፉ።

ያን ማታ እራት ላይ ሽቦ፣ "አሰልጣኝ፣ ጨው ያቀብሉኝ" አለች።

ልብስ ሰፊው ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። በራሷ ቤት፣ በራሷ ማዕድ! ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ የልጅቷን ፊት ሲያይ ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቦ አክስቷን አክስቴ ብላ አታውቅም። አትሳደብ፣ አታኮርፍ፣ ታመመች ሲባል ቀድማ ትደርሳለች፤ ግን "አሰልጣኝ" ነው፣ "እርስዎ" ነው። ተመርቃ፣ ሌላ ቦታ አስተምራ፣ ኮሌጁ ምክትል አሰልጣኝ ሲፈልግ ተወዳድራ ተመልሳ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ዓመታት ጎን ለጎን ሠሩ፤ አንድ ቀን እንኳን ተጋጭተው አያውቁም፤ ግን "አክስቴ" የሚለው ቃል እንደጠፋ ቀረ። ደቂቃም "ለምን?" ብላ አልጠየቀችም። እንዴት ትጠይቅ? የማይጠየቅበት ሕግ ያወጣችው ራሷ አይደለች! አንድ ጊዜ ብቻ ለባሏ፣ "ዋንጫውስ ይቅር፤ ያችን ልጅ ግን በገዛ እጄ አጣኋት" ብላ ሆድ ብሷት አለቀሰች። ባሏ የስፌት መኪናውን አቁሞ አጠገቧ ተቀመጠ።

ዘመኑ ሄደ። የደቂቃ ልጆች በየቦታው በቀሉ፤ አንዷ ሆስፒታል ታዛለች፣ ሌላዋ ፍርድ ቤት ትሟገታለች፣ አንዷ የውበት ሳሎን ከፍታለች። ያ ሁሉ ሲሆን ትልቁ ዋንጫ ግን አልመጣም። እና ጡረታዋ በደረሰበት ዓመት፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ቡድኑ እንደገና ፍጻሜ ገባ።

ከተማው አወራ። "ደቂቃ በመጨረሻ ልትበላው ነው!" ተባለ። ልብስ ሰፊውም ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ስጦታ አሰበ። በፍጻሜው ቀን በጠዋቱ፣ በሚስቱ እጅ ላይ አርጅቶ መስታወቱ የተጫረውን ሰዓት ይዞ ወጣ፤ ሰዓት ሠሪው አዲስ ማሰሪያ አደረገበት፣ መስታወቱን ቀየረ፣ ወለወለ። ሰዓት ሠሪው ጥሩ ባለሙያ ነው። ጥሩ ባለሙያ በመሆኑም፣ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ መቅደሙን ሲያይ "ምስኪን!" ብሎ አስተካከለው። ለማንም አልተናገረም፤ ሥራው ነው፣ ምን ብሎ ይናገራል? ልብስ ሰፊው አጥልቆላት፣ "አማረብሽ!" ብሎ እጇን ሳማት።

የሳሎኗ ባለቤት ደግሞ ከሳምንት በፊት ጀምራ ለምናታለች። "አሰልጣኝ፣ እባክዎ፣ የመጨረሻዎ ቀን ነው። ሁሌ በላስቲክ የታሰረ ፀጉር! ከዋንጫው ጋር ፎቶ ሲነሱ ሰው ይምሰሉ።" ደቂቃ በጨዋታ ቀን ሳሎን የገባች ዕለት ዓለም ያልቃል ብላ የምታምን ሴት ናት። ግን "ከዋንጫው ጋር" የሚለው ቃል አታለላት፤ ሄደች። ፀጉሯ ታጠበ፣ ተጠቀለለ፣ ማድረቂያው ሥር አስገቧት። ሙቀቱ ጥሩ ነው፤ ወሬውም ደርቷል። የድሮዎቹን መጋረጃዎች እያነሱ ይስቃሉ። በመሀል ሰዓቷን አየችና ብድግ ልትል ስትል ባለሳሎኗ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት።

"ኧረ ይረጋጉ! የእርስዎ ሰዓት አሥር ደቂቃ እንደሚቀድም እኔ ነኝ የምነግርዎ? ገና ነው።"

የባለሳሎኗ ሰዓት እንዳይረጥብ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የግድግዳው ከሞተ ከርሟል፤ ደቂቃ ደግሞ በጨዋታ ቀን ስልኳን አትከፍትም። ያችን የአሥር ደቂቃ ትርፍ በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ነክታት አታውቅም ነበር፤ ለችግር ቀን እንደተቀመጠ እህል ነበር የምታያት። ያን ቀን ነካቻት። "እሺ፣ ጨርሺልኝ" አለች።

አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ከውስጥ ፊሽካ ሰማች።

ቆመች። የፊሽካውን ድምፅ ታውቀዋለች፤ የሽቦ አነፋፍ ነው፤ አጭርና ደረቅ፣ ራሷ ያስተማረችው። ሰዓቷን አየች። ቀና ብላ በመስታወቱ በር የአዳራሹን ሰዓት አየች። ሁለቱ ልክ አንድ ናቸው። ያኔ ገባት። "አይ አንተ ሰውዬ!" አለች በሆዷ፤ የሰደበችው ባሏን ይሁን ሰዓት ሠሪውን እሷም አላወቀችም።

በሩን ገፍታ ገባች። ልጆቹ ተሰልፈዋል። ሽቦ ፊሽካው አፏ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የድሮ ልጆቿ ሁሉ መጥተዋል፤ ሕጉን የማያውቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ጫጫታው ቀስ በቀስ ጠፋ። አምበሏ ቶሎ ብላ፣ "ይግቡ አሰልጣኝ፣ እኛ አላየንም!" አለች።

"እኔ አይቻለሁ" አለች ደቂቃ።

የኮሌጁ ኃላፊ ከክብር ወንበሩ ተነስቶ መጣ። "ምን ማለትዎ ነው? ቀልድ ነው? ዛሬ እኮ ፍጻሜ ነው፤ የእርስዎ የመጨረሻ!"

"ለዚህ አዳራሽ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ቅጣትም ቢሆን" አለችና ወደ ግድግዳው ሄደች። ያ እግሩ የሚወላገድ አግዳሚ ሲጢጥ ብሎ ተቀበላት።

ሽቦ እየሮጠች መጣች። "አሰልጣኝ፣ እባክዎ። ስንት ዘመን የጠበቁት ዋንጫ ነው። እኔ ብቻዬን አልችልም።"

"ዛሬ አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ውሃ አቀባይ ነኝ" አለች ደቂቃ። ሌላም ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ጊዜው አልነበረም። "ሂጂ፤ ልጆቹ እየጠበቁሽ ነው።"

ጨዋታው ተጀመረ። እነዚያ ተጋጣሚዎች ቁመታቸው አያድርስ ነው፤ የበር መቃን ያህላሉ። ከመጀመሪያው እየመሩ ሄዱ። ደቂቃ አግዳሚው ላይ እሾህ ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ምላሷን ትነክሳለች። ያን ዕለት ጠርሙስ ስታቀብል አንድ ቃል ምክር ብትወረውር ማን ይሰማታል? ግን አልወረወረችም። ውሃ አቀባይ አይመክርም፤ ይኼም ሕጉ ውስጥ አለ። ከእረፍት በኋላ ሽቦ ደቂቃ በሕልሟም የማታደርገውን አደረገች፤ ረጅሟን ልጅ አስወጥታ ቁንጫ የሚሏትን፣ የቡድኑን ድንክ፣ አስገባች። "ኧረ በስመአብ!" አለች ደቂቃ፤ ጀሪካኑን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ቁንጫ ግን በነዚያ መቃኖች እግር ሥር እየሾለከች ኳስ መንጠቅ ጀመረች። አንድ ነጠቀች፤ ሌላም። ነጥቡ ተቀራረበ። ደቂቃ ልቧ እየዘለለ፣ "ይኼን እኔ አላስተማርኳትም" አለች ለራሷ፤ እንዲህ ብላ ስታስብ ደግሞ ኩራት ተሰማት። ለካ ያላስተማሩትም ያኮራል!

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው በአንዲት ነጥብ እየተመሩ ሽቦ የመጨረሻውን እረፍት ጠራች። ልጆቹ ከበቧት። ተንበርክካ በጣቷ ወለሉ ላይ ትስልላቸዋለች፤ ላቧ ይንጠባጠባል፤ ድምጿ ሰልሏል። እንደተንበረከከች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እጇን ወደኋላ ዘረጋች።

"አክስቴ፣ ውሃ ስጪኝ!"

ደቂቃ ጠርሙሱን ይዛ ባለችበት ቀረች። ያቺ እጅ ተዘርግታ ትጠብቃለች። "እዚህ አክስት የለም" የሚለው ነገር ትዝ አላት፤ ስንት ዘመን ያቃጠላት ነገር። ከአፏ ግን የወጣው፣ "ይኸው የኔ ልጅ፣ ይኸው" የሚል ነው። ክዳኑን ከፍታ እጇ ላይ አኖረችላት። ሽቦ ጠጣች፣ አፏን ጠረገች፣ ንግግሯን ቀጠለች። ምን እንዳለች እንኳን ያወቀች አልመሰለችም።

የመጨረሻዋን ኳስ ያስገባችው ቁንጫ ናት። ኳሷ ቀለበቱ ላይ ዞረች፣ አሰበችበት፣ ገባች። ዳኛው ሲነፋ አዳራሹ ፈነዳ። ልጆቹ ግን ወደ ዋንጫው አልሮጡም፤ ወደ አግዳሚው ነው የሮጡት። ያንን ጀሪካን አንስተው፣ ያለ አንዳች ርኅራኄ፣ በደቂቃ አናት ላይ ገለበጡት። ያ ሁሉ ማድረቂያ፣ ያ ሁሉ ጥቅልል! ባለሳሎኗ ከተመልካቹ መሀል "ወይኔ ድካሜ!" ብላ ስትጮኽ ተሰማ።

ዋንጫው ሲመጣ ሽቦ ተቀብላ አክስቷ ደረት ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ፎቶ አንሺው ሰው እያስተካከለ ሳለ ሽቦ ጠጋ አለችና በጆሮዋ፣ "ለምንድን ነው የዘገየሽው?" አለቻት።

"ፀጉሬን ስሠራ። ይታይሽ! ለዚህ ፎቶ ብዬ።" ከዚያ ደቂቃ ዞር ብላ አየቻት። "አንቺስ? ያን ጊዜ... ለምን ነበር የዘገየሽው?"

ሽቦን ሳቅ አመለጣት፤ የሚያስለቅስ ሳቅ።

"ፀጉሬን ስሠራ ነዋ!"

"አትዪኝ!"

"እውነቴን ነው። ዋንጫውን ስንበላ ፎቶ አጠገብሽ ቆሜ ልነሳ። አንድ ሰው አይቶ 'ልጅሽ ናት እንዴ?' ብሎ እንዲጠይቅሽ ብዬ ነበር።"

ደቂቃ ዋንጫውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው የሽቦን አንገት አቀፈች፤ ከፀጉሯ የሚወርደው ውሃ የልጅቷን ትከሻ አራሰው። ፎቶ አንሺው፣ "እሜቴ፣ ፀጉርዎን ትንሽ ጠረግ ቢያደርጉት" አላት።

"አንሳ!" አለችው። "እንዲሁ አንሳን።"

ፎቶው ዛሬ አዳራሹ ውስጥ፣ ከውሃው አግዳሚ በላይ ተሰቅሏል። አሰልጣኟ አሁን ሽቦ ናት፤ ረዳቷ ደግሞ ቁንጫ። ደቂቃ ጡረታ ወጥታም ከልምምድ አትቀርም፤ ከልብስ ሰፊው ጋር መጥታ ከፊሽካው በፊት ቦታዋን ትይዛለች። ሰዓቷንም መልሳ አሥር ደቂቃ አስቀድማዋለች። አዲስ የገቡ ተማሪዎች ፎቶው ሥር ቆመው እነዚያን ሁለት የበሰበሱ ሴቶች ያያሉ። "እናትና ልጅ ናቸው?" ብለው ቁንጫን ይጠይቋታል።

"አዎ" ትላቸዋለች፤ ሌላ ምንም አትጨምርም።